የብርሃን መሰኪያ

ሲስተር ወለተሩፋኤል ጥቁሩን ሣጥን ስትከፍት ትንፋሿን የመያዝ ልማድ ነበራት። እንዲህ አድርጊ ብሎ ያዘዛት የለም። የትንፋሽ እርጥበት መስተዋት ላይ እንደሚያርፍ ካወቀች ወዲህ በራሱ የመጣ ልማድ ነው።

ሣጥኑ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚተኛው መመልከቻ ከትንሽ ጣት የቀጠነ፣ እንደ ልብ የሚታጠፍ ረዥም ጥቁር ቱቦ ነበር። ሆዱ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ እልፍ የብርጭቆ ክሮች ታጭቀዋል፤ ፋይበር ይሏቸዋል። በአንዱ ጫፍ የገባ ብርሃን በክሮቹ ውስጥ እየተጠማዘዘ ሄዶ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ቱቦው በአፍንጫ ገብቶ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቀው የሰው ገላ ወለል ብሎ ይታያል። ዶክተር ሀብተሥላሴ ጀርመን አገር ተምረው ወደ ጎንደር ሲመለሱ አስተማሪዎቻቸው የሰጧቸው ስጦታ ነው። በዚያ ሆስፒታል ምትክ አልነበረውም።

መመልከቻው የራሱ ብርሃን የለውም። ብርሃኑ የሚመጣው ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጠው የመብራት ሣጥን ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙትም በአንዲት ትንሽ መሰኪያ በኩል ነው። እነዚያ ሁሉ ክሮች መሰኪያዋ ጫፍ ላይ ተሰብስበው፣ እኩል ተቆርጠውና ተወልውለው፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ አንዲት የምታበራ ክብ ይሆናሉ። ወለተሩፋኤል ያቺን ክብ በየጊዜው በአጉሊ መነጽር ታያታለች። በአልኮል በረጠበ ስስ የመነጽር ወረቀት ከመሐል ወደ ዳር ትጠርጋታለች፤ በደረቅ ወረቀት ትደግማታለች፤ ከዚያ የጎማ ክዳኗን ታለብሳታለች። በጣቷ አትነካትም።

«የሰው ጣት ንጹሕ መስሎ ቅባት አለው» ብለዋት ነበር ዶክተሩ ሥራውን ሲያስተምሯት። «የመብራቱ ግለት ደግሞ ቅባቱን እዚያው ይጠብሰዋል። አንዴ ከተጠበሰ ብርሃኑ ይሞታል። ብርሃኑ ከሞተ እኔ ዕውር ነኝ።»

ወለተሩፋኤል ይህን ሥራ የወደደችው ንግግር ስለማያስፈልገው ጭምር ነው። መምህር የነበረው ባሏ ቢሻው በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ከቤት ተጠርቶ እንደወጣ አልተመለሰም። ሬሳው አልተሰጣትም፤ ለቅሶ መቀመጥም አልተፈቀደላትም። በማግስቱ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ሥራ ገባች። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ ሌላው እጁን ሲያወጣ ታወጣለች፣ ሲያወርድ ታወርዳለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እያለች ራሷን ታጽናናለች። ዝምታው ቀስ በቀስ ገላዋ ውስጥ ገብቶ፣ መናገር በሚገባት ጊዜ እንኳ ምላሷን ይይዘው ጀመር።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲቃረብ ከተማው ሁሉ በቀይ ጨርቅ ተሸፈነ። ከፋሲል ግንብ በታች ያለው መንገድ ዳርና ዳሩ ኖራ ተቀባ፤ ቀበሌው ሰውን ለሰልፍ ልምምድ ያስወጣ ጀመር። በዚያ ሰሞን የሆስፒታሉ የፓርቲ ተጠሪ ጓድ አዳሙ ወደ መመርመሪያው ክፍል መጣ። ዶክተር ሀብተሥላሴ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ዶክተር፣ በከተማው አዳራሽ የአሥሩ ዓመት የድል ፍሬዎች ኤግዚቢሽን ይከፈታል» አለ። «የጤናውን ዘርፍ የሚወክለው ያ የጀርመኑ መሣሪያ እንዲሆን ተወስኗል።»

«በሽተኛ ቢመጣስ?» አሉ ዶክተሩ።

«በዓል እኮ ነው፤ በዓል ያልፋል። ሰፊው ሕዝብ በስሙ የመጣውን ነገር ለአንድ ቀን ቢያየው ምን ይጎድላል?»

ዶክተሩ ፎጣውን አንስተው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አደረቁ። ወለተሩፋኤል «አይሆንም» እንዲሉ ጠበቀች። እሳቸውም ባለቤትና ልጆች ያሏቸው ሰው ናቸው፤ ለአንድ መሣሪያ ብለው የሚናገሩት ቃል የት ሊያደርሳቸው እንደሚችል ያውቃሉ።

«እንግዲያው ሲስተር አብራው ትሁን» አሉ በመጨረሻ። «አያያዙን የምታውቀው እሷ ናት።»

«ሲስተር ሰልፉ ላይ ትፈለጋለች። የጤና ሠራተኛው በሙሉ ይሰለፋል።» አዳሙ ወደ እሷ ዞረ። «ወይስ ችግር አለ፣ ሲስተር?»

«ኧረ ችግር የለም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም። ሣጥኖቹን ስታስረክበው ግን ደፈር ብላ፣ «ጓድ፣ አደራ፤ ይቺን ጫፍ ማንም በእጁ አይንካት፤ ክዳኗም አይውለቅ» አለችው።

አዳሙ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ሕዝብ በእጁ ያልነካውን ነገር አያምንም፣ ሲስተር።»

በበዓሉ ዕለት የጤና ሠራተኞቹ ሰልፍ በአዳራሹ ፊት ሲያልፍ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ወለተሩፋኤል አንገቷን ሳታዞር በዓይኗ ጥግ ተመለከተች። ከጠዳና ከሌላም ገጠር የመጡ የገበሬ ማኅበር ተወካዮች ጠረጴዛውን ከበዋል። አንድ ወጣት አስጎብኚ መሰኪያዋን ከመብራት ሣጥኑ መዝዞ ከፍ አድርጎ አሳየ፤ መልሶ ሰካት፤ በቱቦው ጫፍ ብርሃን ሲወጣ ሰዎቹ በአድናቆት አጉረመረሙ። ደግሞ ነቀላት። አንዱ ሽማግሌ ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዳበሳት፤ ለጎረቤቱ አሳለፋት። እጅ ለእጅ ሄደች።

ከወለተሩፋኤል በስተኋላ ያለው ሰልፈኛ መፈክር ሲያሰማ እሷም ግራ እጇን አንሥታ አብራ ጮኸች። ሰልፉ አለፈ።

መሣሪያው ዕለቱን ወደ ሆስፒታሉ ተመለሰ፤ ነገር ግን አዳሙ እቃ ግምጃ ቤት አስቆልፎበት ቁልፉን ይዞ ሄደ። ወለተሩፋኤል በማግስቱ ብትጠይቅ አዳሙ ስብሰባ ላይ ነው ተባለች። ሣጥኑ እጇ የገባው የበዓሉ ዕረፍት አልቆ ሥራ በተጀመረበት ጠዋት ነው። በዚያው ሰዓት ደም የምትተፋ ሴት በቃሬዛ ደረሰች።

ሴትዮዋ አማረች ትባላለች። ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ካለ መንደር ነው የመጣችው። ባሏ አላምረውና የመንደሩ ጎረምሶች እስከ ደባርቅ በትከሻ ተሸክመዋት፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጎንደር ገብተዋል። ከፍልሰታ ጾም ጀምሮ ያስላታል፤ አሁን አሁን ስትስል ጥርት ያለ ቀይ ደም ይመጣል። በመንገድ ያገኙት ጤና ጣቢያ የሳንባ ነው ብሎ ክኒን ሰጥቷት ነበር፤ አልረዳትም።

አላምረው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ዶክተሩ ፊት ቆመ። ዝናብ የራቀው ያ ዓመት ፊቱን አክስቶታል።

«ሸጋ ሴት ናት፣ ጌታዬ። አልቃሽ ናት። ጃናሞራ ውስጥ ሰው ሲሞት ያለ እሷ አይቀበርም። ተዚህ ተራራ ሆና ስታለቅስ ማዶ ያለው እረኛ እንባው ይወርዳል። እንግዲህ አሁን ድምፅዋ ታፈነ። ምነው እንዲህ ሆነች?»

«ውሃ ከየት ነው የምትጠጡት?» አሉት ዶክተሩ።

«ምንጩ ነጠፈ። የቀረው ጉድጓዱ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው። ተከብት ጋር እየተሻማን እንጠጣለን።»

አማረች አንገቷን በጣቷ እየጠቆመች በሻከረ ድምፅ፣ «ይላወሳል» አለች። «እዚች ላይ የሚላወስ ነገር አለ።»

ዶክተር ሀብተሥላሴ ወደ ወለተሩፋኤል ዘወር ብለው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አልቅት ነው» አሉ። «ከውሃው ጋር ገብቶ ከድምፅ አውታሯ ሥር ተጣብቋል። ደሟን እየመጠጣት ነው። ዛሬውኑ መውጣት አለበት።»

ዶክተሩ ጉሮሮዋን ማደንዘዣ ረጩበትና እስኪደነዝዝ ጠበቁ። ወለተሩፋኤል ሣጥኑን ከፈተች። መመልከቻው በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሏል። የጎማ ክዳኑ የለም። መሰኪያዋን ወደ መስኮቱ ስታዞራት ያቺ የምታበራው ክብ ደብዝዛለች፤ ላይዋ ላይ የጣት አሻራ እንደ ዘይት ጠብታ ተኝቷል፤ ከጨርቁ የረገፈ ቀይ ብናኝም ተለጥፎባታል።

«ዶክተር...» አለች።

አማረችን በዚያች ቅጽበት ሳል ያዛት። የያዘችው ሳህን ውስጥ ደም ፈሰሰ። ዶክተሩ ጀርባዋን ደግፈው ይዘው ቀና ሳይሉ፣ «ሲስተር፣ ሰኪው!» አሉ።

ወለተሩፋኤል ማለት የነበረባት አንዲት ቃል ነበረች፤ «ቆይ» የምትል። ቃሏ እስከ ጥርሷ መጥታ እዚያው ቀረች። ያ የቆየ ዝምታ ምላሷን ያዘው። መሰኪያዋን ሰካች፤ መብራቱን አበራች።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ የላባ ቃጠሎ የመሰለ ሽታ። ቀጥሎ ነጭ የነበረው ብርሃን እንደ ኩራዝ ብጫ ሆነ።

«ምነው ጨለመ? ጨምሪው» አሉ ዶክተሩ ዓይናቸውን ከመመልከቻው ሳያነሱ። ጨመረችው። ግለቱ በረታ፤ ብርሃኑ ግን ከብጫነት ወደ ቡናማነት ወረደ።

ዶክተሩ ጥቂት ደቂቃ ታገሉ። የሚታያቸው በጭስ በታፈነ ጎጆ ውስጥ እንዳለ እቃ ነው፤ ጥቁሩ ሁሉ አንድ ነው። በመጨረሻ ጠቆር ያለና የተንቀሳቀሰ ነገር ያዩ መሰላቸው። ቀጭኑን መቆንጠጫ በቱቦው አሳልፈው ያዙት፤ ሳቡት። አማረች ከአልጋው ላይ ተፈናጥራ ተነሣች። ደሙ በረታ። ዶክተሩ መቆንጠጫውን አውጥተው በመስኮቱ ብርሃን አዩት። ጫፉ ላይ ያለው አልቅት አልነበረም። ነጣ ያለች የሥጋ ቁራጭ ነበረች።

ቀለማቸው ሲገረጣ ወለተሩፋኤል አየች። ሴትዮዋን አስቀምጠው፣ አንገቷ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ አስደርገው፣ ደሙ ጋብ እስኪል አብረዋት ቆዩ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው መጡ።

«መብራቱ ምን ሆነ?»

«ተቃጥሎበታል፣ ዶክተር። ጫፉ ቆሽሾ ነበር።»

«አላየሽውም?»

«አይቻለሁ።»

አዩዋት። ቁጣ አልነበረም በፊታቸው። እሷ ውስጥ ያለውን ነገር በእሳቸውም ውስጥ ያገኙት ይመስሉ ነበር። «እኔም ሣጥኑ ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሳልጠይቅ ሰኪው አልኩሽ። አሁን አጽጂው። ደሟን እኔ እጠብቃለሁ።»

ወለተሩፋኤል መመልከቻውን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። በአጉሊ መነጽር ስታየው የጣቱ ቅባትና የጨርቁ ብናኝ አንድ ላይ ተጠብሰው፣ ክቧ ላይ እንደ ድስት ቂጥ ጥላሸት ተጋግረዋል። ብረት ብታስነካው የክሮቹን ጫፍ ትፍቃለች፤ የተፋቀ ብርጭቆ ደግሞ ተመልሶ አይጠራም። ስለዚህ ወረቀቱን በአልኮል አርሳ ጫፏ ላይ አስተኛችውና ጠበቀች። ከጎን አማረች ስታቃስት ይሰማታል። ችኮላ ሲመጣባት እጇን አንስታ ጉልበቷ ላይ ታሳርፈዋለች፤ ስትረጋ ትመለሳለች። ቅርፊቱ ራሰ። በስስ ወረቀት በጠቀለለችው የእንጨት ስንጥር ጫፍ ከመሐል ወደ ዳር አባበለችው። ወረቀቱ ቡናማ ሆኖ ተነሣ። ጣለችው፤ አዲስ ወረቀት፤ እንደገና። የተጠቀመችበትን ወረቀት ደግማ አላስነካችም፤ የወሰደውን ቆሻሻ መልሶ ይሰጣልና።

ክቧ መልሳ አበራች። መብራት ሣጥኑ ላይ ሰክታ ስታበራው ግን ብርሃኑ አሁንም ብጫ ነው። ነቅላ በአጉሊው አየችው፤ ያጸዳችው ጫፍ ላይ አዲስ ቡናማ ቀለበት ተቀምጧል። ከዚያ ገባት። ቆሻሻው የነበረው በመሰኪያዋ ላይ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ አንዱ ለአንዱ ያስተላልፋል፤ የመብራት ሣጥኑም ቀዳዳ ውስጥ ያለችው መስተዋት ተቀብታለች። የአንዱን ፊት አጥቦ ያልታጠበ ፊት ላይ ማስጠጋት ልፋት ብቻ ነው። ስንጥሩን እንደገና ጠቅልላ ወደ ቀዳዳው አስገባች። ሁለቱንም ጠረገች፤ ሁለቱንም አየች፤ ከዚያ ሰካች።

ብርሃኑ ጠዋት የጉናን ተራራ እንደሚመታ ፀሐይ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«ዶክተር» አለች። በዚህ ጊዜ ድምፅዋ ጎልቶ ተሰማ። «አሁን ይታያል።»

በሁለተኛው ጊዜ ሥራው አፍታም አልፈጀ። አልቅቱ ከድምፅ አውታሮቿ ሥር፣ ጠግቦ አብጦ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተጣብቆ ነበር። ዶክተሩ ያዙት። እየተለጠጠ መጣና ሳህኑ ላይ ወድቆ ተጠቀለለ። አላምረው ከበሩ ላይ ሆኖ አይቶ አማተበ። «ይኸ ነው እንዴ?» አለ። «ይኽቺን ሴት ሊገድል የነበረ ይኸ ነው?» የዶክተሩን ጉልበት ስሞ ወደ ወለተሩፋኤልም ጎንበስ ሲል እሷ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

አማረች ዳነች። ደሙ ቆመ፤ ምግብ መዋጥ ጀመረች፤ ፊቷ ቀለም አገኘ። ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። ከጉሮሮዋ የሚወጣው እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ዶክተር ሀብተሥላሴ በመመልከቻው ደግመው አዩት። አንደኛው የድምፅ አውታር ጠርዙ ተቦጭቋል። ያ ቁራጭ በመጀመሪያው ሙከራ መቆንጠጫው ይዞት የወጣው ነበር።

ከሆስፒታል ልትወጣ ስትል አማረች ወለተሩፋኤልን በእጇ ጠርታ አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት።

«እታለሜ» አለች በሹክሹክታ፤ «ድምፄ ይመለሳል?»

ወለተሩፋኤል «እግዜር ያውቃል» ብላ ልትነሣ ትችል ነበር። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚለው። የአማረችን እጅ ያዘች።

«አይመለስም። አልቅቱ አይደለም የወሰደው። መጀመሪያ ስንገባ መብራታችን ቆሽሾ ነበር። ዶክተሩ አላዩም። እኔ ግን መቆሸሹን አይቼ ዝም አልኩ።»

አማረች እጇን አልነጠቀችም። ለረዥም ጊዜ ጣራውን አየች። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ትራሱ ላይ ወረደ፤ ድምፅ አልነበረውም።

«ለእናቴ አልቅሻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ለወንድሜ፣ ለበኩር ልጄ። ለራሴ ድምፅ ማን ያለቅሳል?» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወለተሩፋኤል ሌላ በሽተኛ እስኪጠራት ድረስ እዚያው ተቀመጠች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሆስፒታሉ ሠራተኞች የሂስና የግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። አዳሙ ኤግዚቢሽኑ የተሳካ እንደነበር፣ መሣሪያው ከሁሉ በላይ ተመልካች እንደሳበ፣ ለሚቀጥለው በዓልም እንደሚወጣ ተናገረ። ሰዉ አጨበጨበ። ወለተሩፋኤል እጇ ለማጨብጨብ ሲነሣ ተመለከተችውና መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው። ከዚያ ቆመች። አጠገቧ ያለችው ነርስ በድንጋጤ ጋውኗን ሳበቻት።

«ጓዶች፣ አንድ ነገር አለኝ» አለች። «መሣሪያው ሲመለስ ብርሃኑ የሚያልፍበት ጫፍ በጣት ተዳብሶ፣ ክዳኑ ጠፍቶ ነው የመጣው። እኔም አይቼ ሳልናገር ሰካሁት። አንዲት ሴት ድምፅዋን አጣች። የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው፤ ሂሱን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ከእንግዲህ ያ መሣሪያ ከክፍሉ እንዳይወጣ፣ በኃላፊነት የሚይዘውም ሰው ሳያየው ማንም እንዳይሰካው እጠይቃለሁ።»

አዳሙ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሲስተር፣ ሰፊው ሕዝብ በእጁ ስለነካው ቆሸሸ ነው የምትዪው?»

«የማንም እጅ ቢሆን ያው ነው፣ ጓድ። የእኔም ጣት ቅባት አለው። እኔም አልነካውም።»

ከፊት ወንበር ዶክተር ሀብተሥላሴ ቀስ ብለው ተነሡ። ፊታቸው ላብ አቸፍችፎበታል። «ያለችው እውነት ነው» አሉ። «ሰኪው ያልኳት እኔ ነኝ። ሴትዮዋን የጎዳኋት እኔ ነኝ። መጀመሪያም አልሰጥም ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የሲስተርን ጥያቄ እደግፋለሁ።» ብለው ተቀመጡ።

ጥያቄው ተቀባይነት አገኘ፤ መሣሪያው ከክፍሉ አይወጣም ተባለ። ወሩ ሳይሞላ ግን ወለተሩፋኤል «ለገጠሩ ሕዝብ ጤና በታላቅ ኃላፊነት» ወደ ዛሪማ ጤና ጣቢያ መዛወሯ ተነገራት። ዛሪማ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ናት፤ መንገዱ ወታደር የበዛበት፣ ሲመሽ መኪና የማያልፍበት ነበር። ዶክተሩ ዝውውሩን ለማስቀረት ሄደው ለመኑ፤ አልሆነላቸውም።

የቀራትን ጊዜ እታገኘሁ የምትባለውን ነርስ በማስተማር አሳለፈችው። እታገኘሁ ጎበዝና ፈጣን ናት፤ ፍጥነቷ ነው ያስፈራት። መጀመሪያ ቀን ጫፏን ጠርጋ «ጠርቷል» ስትል ወለተሩፋኤል አጉሊውን ሰጠቻት።

«እዪው።»

«ውይ! ክር ቀርቶበታል።»

«በዓይንሽ ጠርቶ ነበር። ሁልጊዜ በአጉሊው እዪው። የመብራት ሣጥኑንም ቀዳዳ እዪ። አንዱን ብቻ ካጸዳሽ ምንም አላጸዳሽም።» ደግሞም ጨመረችበት። «ደግሞ ቆሻሻ ካየሽ፣ ማንም ሰኪው ቢልሽ፣ በሽተኛው ቢጮኽ እንኳ፣ 'ቆይ' በይ። ጮክ ብለሽ በይ። እስቲ በዪው።»

እታገኘሁ አፍራ ሳቀች። «ቆይ» አለች በቀጭኑ።

«አይሰማም።»

«ቆይ!»

«እንደሱ» አለች ወለተሩፋኤል።

ዛሪማ ቆላ ናት፤ ሙቀትና ወባ አያጣትም። ጤና ጣቢያው ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። እዚያ መመልከቻም የለ፣ የብርጭቆ ክርም የለ። ወለተሩፋኤል መርፌ ትቀቅላለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ታዋልዳለች። አንድ ጊዜ ዶክተር ሀብተሥላሴ በሚያልፍ ሾፌር በኩል መልእክት ላኩባት። እታገኘሁ አንድ ቀን ዎርዱ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ «ቆይ» ብላ እንደጮኸችባቸው፣ እሳቸውም ቆመው እንደጠበቁ ሾፌሩ ሲነግራት ብዙ ጊዜ ሳትስቅ የኖረችውን ሳቅ ሳቀች።

በሚቀጥለው ዓመት በገበያ ቀን አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ባርኔጣውን ሲያወልቅ አወቀችው፤ አላምረው ነበር። ገብስ በአህያ ጭኖ ለዛሪማ ገበያ ወርዷል።

«እዚህ ነሽ አሉኝ» አለ። «ሳላይሽ አላልፍም ብዬ መጣሁ፣ እመት።»

ወንበር ሰጠችው፤ ውሃ ቀዳችለት። ልትጠይቀው የፈራችውን ነገር ሳትጠይቀው እሱ ጀመረው።

«ደኅና ናት። በሬ ጠምደን እናርሳለን፤ ዘንድሮ ዝናቡ ሸጋ ነው። መጀመሪያ ግን ክፉ ሆና ነበር። ለቅሶ ሲጠሯት አልሄድም አለች፤ ደጅ መውጣት እንኳ ጠላች። ኋላ የጎረቤታችን ልጅ ሞተ። እናቲቱ መጥታ፣ 'አማረች፣ አንቺ ሳትመጪ ልጄ አይቀበርም' አለቻት። ተነሥታ ሄደች። እዚያ ስትደርስ የእህቷን ልጅ ጠርታ ግጥሙን በጆሮዋ ሹክ አለቻት። ልጂቱ ተቀብላ አዜመችው። መጀመሪያ ያስባለቻት ይኸን ነው።» ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደማዜም ሳይሆን እንደመናገር አድርጎ አለው፦

«ድምፄን ውሃ በላው፣ ቃሌ ግን አልጠፋ፣
በሰው አፍ ይወጣል፣ ልቤ እንዳይከፋ።»

ወለተሩፋኤል አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

«ስለ መብራቱ ነግራኛለች» አለ አላምረው። «ያልሻትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችኝ። እኔ ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ። ጎንደር ወርጄ ልከስ አሰብኩ። እሷ ናት የከለከለችኝ። 'ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሸኝ ነበር' አለችኝ።»

«ብትከስ ባልተቀየምኩ» አለች።

«አውቃለሁ። አለፈ እንግዲህ።» ውሃውን ጨርሶ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ወለተሩፋኤል ከመደርደሪያው ንጹሕ ስስ ጨርቅ አውርዳ ቆርጣ አጣጥፋ ሰጠችው።

«የምትጠጡትን ውሃ በዚህ አጥልሉት፤ ልጆቹም ጭምር። ጨርቁን በየጊዜው ቀቅላችሁ እጠቡት። የቆሸሸ ማጥለያ ካለማጥለል አይሻልም።»

አላምረው ጨርቁን ከጋቢው ሥር አስገባው። አህያውን እየነዳ የሊማሊሞን አቀበት ሲጀምር ወለተሩፋኤል ደጁ ላይ ቆማ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ዓይኑ የቆሰለ ሕፃን ታቅፋ በጥላው ሥር የተቀመጠች እናት ነበረችና፣ «ነይ፣ ግቢ» ብላ እጇን ልትታጠብ ገባች።